ዴዚ እግሯን አላነሣም ያለችበት ሳምንት

ሰው ከአገሩ ሲወጣ ከሚሸከመው ዕቃ ሁሉ የማይመዘነው አባቱ ነው። በርበሬውና ሽሮው ኤርፖርት ላይ ሚዛን ይወጣል፤ ከተፈቀደው ካለፈ እዚያው ወለል ላይ ሻንጣ ተከፍቶ፣ ሸኚና ተሸኚ ተነጫንጮ፣ ግማሹ ወደ ቤት ይመለሳል። አባትን ግን የፈለጉትን ያህል አግዝፎ መሻገር ይቻላል፤ «እስቲ ክፈት» የሚል የለም። እዚህ ሚኒሶታ ስኖር የታዘብኩት ነገር ቢኖር፣ አባቱ ተራ ሰው የነበረ ያገሬ ልጅ አለመኖሩን ነው። የአንዷ አባት ዳኛ ነበሩ፣ የአንዱ ኮሎኔል፣ የሌላዋ የአውራጃ አስተዳዳሪ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሻይ ይዘን ስንጨዋወት ይህን ሁሉ እሰማና አንዳንዴ ግራ ይገባኛል። ሁሉም ዳኛ ከነበረ ተከሳሹ ማን ነበር?

ማማቴ አይደለም፤ እኔም ከዚያው ነኝ። «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ይባል የለ? «እህት አስቴር፣ ያንቺስ አባት ምን ይሠሩ ነበር?» ሲሉኝ፣ ሻዬን ፉት እልና «በትራንስፖርት ዘርፍ ነበሩ» እላለሁ። ውሸት አልነበረም። አባቴ ደብረ ዘይት፣ ዛሬ ቢሾፍቱ በሚሏት ከተማ፣ ከአውቶቡስ ተራ እስከ አየር ኃይል በር ሰውና እህል የሚያመላልስ ባለ ጋሪ ነበር። ከበቅሎዋ የምለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው። እሷ የደበቀችው አህያውን ነበር፤ እኔ ግን ፈረሱን።

ይህን የደበቅሁትን ፈረስ ከተደበቀበት ያወጣችው የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ኤልዳና ናት። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ ከክፍል ጓደኛዋ ሰምታ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። የሴት ልጆች የፈረስ ካምፕ። አምስት ቀን፣ ጠዋት ገብቶ ከሰዓት መውጣት፣ ፈረስ መጋለብና ፈረስ መንከባከብ። ባለቤቴ ዮናስ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ ፈረስን የሚያውቀው በሥዕል ነው፤ «ጥሩ ነው፣ ከስልኩ ትላቀቅ» ብሎ ፈረመ። እኔ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ልጃገረዶች ጋጣ በማጽዳት የኃላፊነት ስሜት ያዳብራሉ» ይላል። እኔ ይህን የኃላፊነት ስሜት በነፃ፣ ያውም በየቀኑ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሳዳብረው ነበር ያደግሁት።

እኔ የምሠራው ሚኒያፖሊስ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ሥራዬ በሽተኛን ከክፍሉ ወደ ራጅ፣ ከራጅ ወደ ክፍሉ በተሽከርካሪ ወንበርና በአልጋ መግፋት ነው። ለዚያ ሳምንት ቫኬሽን ወሰድኩ፤ ምክንያቱም ካምፑ ከኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ አልፎ፣ ቤቱ እየሳሳ በቆሎው እየበዛ የሚሄድበት አካባቢ ነው። ከምንኖርባት ከክሪስታል ከተማ ተነሥቼ በዚያ የጠዋት ትራፊክ ድራይቭ አድርጌ፣ አድርሻት ተመልሼ፣ ደግሞ ሄጄ ማምጣት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ አብሬያት ሄጄ አጥር ጥግ ካለው የዛፍ ጥላ ሥር ወንበሬን ዘርግቼ ዋልኩ።

ሰኞ ጠዋት ኬሊ የምትባል፣ ሃያ ዓመት የሚሆናት፣ ፀጉሯን ጎንጉና ጀርባዋ ላይ የጣለች አሠልጣኝ ልጆቹን ሰብስባ ሕጉን ነገረቻቸው። ፈረሱን ያልቦረሸ አይጋልብም። ኮቴውን ያላጸዳ አይጋልብም። ጋጣውን ያልጠረገ አይጋልብም። ከዚያ አካፋ ታደለ። ካያችሁ ነው የምታምኑኝ፤ አሥራ ሁለት ልጃገረዶች ለፋንድያ ተሽቀዳደሙ! አንዷ «የእኔ በጣም ብዙ ነው!» እያለች ለጓደኛዋ ታሳያለች። እልልታ ብቻ ነው የቀረው።

ከሰዓት በኋላ ኤልዳና መኪና ውስጥ ስትገባ ሽታው አብሯት ገባ። የፈረስ ላብ፣ ድርቆሽ፣ የቆዳ ኮርቻ። እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ «ማሚ፣ አይሸትሽም? ደስ አይልም?» አለችኝ። መስኮት ልከፍት ያነሣሁት እጄ በዚያው ቀረ።

ሽታ ክፉ ነገር ነው፤ ሳያስፈቅድ ነው የሚወስዳችሁ። ሀይዌዩ ላይ በግራ በቀኝ መኪናው እየጮኸ፣ እኔ ግን ደብረ ዘይት፣ ከቤታችን ጓሮ፣ በቆርቆሮ ጥላው ሥር ነበርኩ። ፈረሳችን ሻምበል ይባላል። አየር ኃይል ባለበት ከተማ ማዕረግ የሌለው ቤት አልነበረም፤ በእኛ ቤት ማዕረግ ያለው ፈረሱ ብቻ ነበር። ቀይ ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። ብርድ በሆነ ጠዋት ከጀርባው እንፋሎት ይነሣል። እኔ የመጀመሪያ ልጅ ስለሆንኩ ፉርሽካውን በውኃ አሽቼ የማቀርብለት፣ የምቦርሸው፣ ኮቴው ውስጥ የገባውን ጠጠርና ጭቃ በታጠፈ ብረት የማወጣለት እኔ ነበርኩ። አባቴ ከልጆቹ ይልቅ ከሻምበል ጋር ብዙ ያወራ ነበር። ለእኛ «በላችሁ?» ነው፣ «ተኙ» ነው። ለእሱ ግን የቀኑን ወሬ በሙሉ ይነግረዋል፤ ማን እንደ ተሳፈረ፣ ማን እንደ ተጨቃጨቀ፣ የቱ መንገድ እንደ ተቆፈረ። ምሳ ሰዓት ሲመጣ ደግሞ ፈረሱን ከጋሪው ሳይፈታ፣ ጀርባውን በጨርቅ ሳያሽ፣ ውኃ ሳያጠጣ እህል አይቀምስም። እናቴ «ወጡ ቀዘቀዘ!» ትላለች። «የሱ ጀርባ እስኪቀዘቅዝ ነው» ይላል። ሲቆጣ ሰምቼው የማላውቀው ሰው፣ አንድ ቀን የሌላ ባለ ጋሪ ፈረስ ቆስሎ ሲያይ መንገድ መሐል ወርዶ ሰውየውን ሲሰድበው የሰማሁትን እዚህ መጻፍ አልችልም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ደግ ነገር ለምን አሳፈረሽ ትሉኛላችሁ። ትምህርት ቤት አብረውኝ የሚማሩት የአውሮፕላን አብራሪ ልጆች ነበሩ። የእነሱ አባቶች ሰማይ ላይ ናቸው፤ የእኔ አባት ከፈረስ ጭራ ኋላ። ልብሴ ሻምበልን ሻምበልን ይሸታል። ሳልፍ ከኋላዬ «ቼ!» ይላሉ። ስምንተኛ ክፍል ሆኜ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንወጣ አባቴ ጋሪውን እየነዳ በፊታችን አለፈ። አየኝ። ደስ ብሎት እጁን አነሣ። እኔ ደግሞ ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩ።

ጫማዬ ክር አልነበረውም።

ወደ ካምፑ እንመለስ። ለኤልዳና የደረሰቻት ባዝራ ዴዚ ትባላለች፤ ወፍራም፣ ነጣ ያለች፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ ዓይኗ እንደ ታካች አስተማሪ የሆነ። ሰኞና ማክሰኞ ተዋወቁ፣ ተቦረሹ፣ ካሮት ተበላ። ኮቴውን ራሷ ኬሊ ነበረች እያጸዳች የምታሳያቸው። ረቡዕ ሥራው ለልጆቹ ተሰጠ፤ ጉዱም ያን ቀን መጣ። ዴዚ እግሯን አላነሣም አለች። ኤልዳና ትስባለች፣ ዴዚ መሬት ላይ ተተክላለች። ሌሎቹ ልጆች አጽድተው፣ ጭነው፣ እየጋለቡ ዞሩ። ልጄ አጥር ላይ ተቀምጣ አየቻቸው። ሕግ ሕግ ነው።

ቤት ስንደርስ አለቀሰች። «ትጠላኛለች። ነገ አልሄድም። ዓርብ ወላጆች ሲመጡ ሁሉም ሊጋልብ ነው፣ እኔ ብቻ…» ሳሎን ሶፋ ላይ ተደፍታ ትንሰቀሰቃለች። እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር። አፌ ከእኔ ቀድሞ፣ «ፊት ለፊቷ ቆመሽ ነዋ የምትስቢያት» አለ።

ቀና አለች። «ምን?»

እጄን በፎጣ ጠረግሁ። «ነይ ተነሺ። ፊት ለፊቷ አትቁሚ። ጎኗ ላይ ሆነሽ ፊትሽን ወደ ጭራዋ አዙሪ። እጅሽን ከትከሻዋ ጀምረሽ ቁልቁል እያሻሸሽ ውረጂ፤ እንዳትደነግጥ አውሪያት። ታች ስትደርሺ በትከሻሽ ገፋ አድርጊያት፤ ክብደቷን ወደ ሌላው እግሯ ስታሳልፍ፣ ያኔ ነው ማንሣት።»

አልገባትም። ስለዚህ፣ ምን ላድርግ፣ ሁለት እጄን ሶፋው ላይ ጥዬ ፈረስ ሆንኩ። ልጄ ጎኔ ቆማ እግሬን ስታሻሽ፣ እኔም እግሬን አንሥቼ ስሰጣት፣ በማንኪያ የጫማዬን ሶል ስትፍቅ፣ ዮናስ ከሥራ ገባ። በሩ ላይ ቆመ። ቁልፉን አላስቀመጠም።

«በሰላም ነው?» አለ።

«ኮቴ እያጸዳን ነው» አልኩት።

ዮናስ ጥበበኛ ሰው ነው፤ ወጡን ለማሞቅ ሄደ። ኤልዳና ግን ማንኪያዋን እንደ ያዘች ቀረች። «ማሚ፣ ይህን ከየት አወቅሽ?»

ያኔ ነገርኳት። አያትሽ ባለ ጋሪ ነበር፣ ሻምበል የሚባል ፈረስ ነበረን፣ በየጠዋቱ እኔ ነበርኩ የምቦርሸው አልኳት። ስትሰማኝ ፊቷ ሲለዋወጥ አያለሁ። ይደንቃታል ብዬ ነበር። ተቆጣች!

«ፈረስ ነበራችሁ? የራሳችሁ? ቤታችሁ ውስጥ?» አለች። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልነገርሽኝም?»

«አፍሬ ነው» አልኳት። ቃሉን በአማርኛ አልኩት፣ አልገባትም። በእንግሊዝኛ አልኩት፣ ጭራሽ አልገባትም።

«በፈረስ?» አለች። «ሰው በፈረስ ያፍራል?»

እንግዲህ ይህን ለክሪስታል ልጅ አስረዱልኝ።

ሐሙስ ሄደች። አጥር ላይ ተደግፌ አየሁ። እንደ ነገርኳት ጎኗ ቆመች፣ አሻሸቻት፣ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አወራቻት፣ በትከሻዋ ገፋች። የኋላ ግራ ተነሣ። የኋላ ቀኝ ተነሣ። የፊት ግራውን ዴዚ ራሷ፣ ሳትለመን፣ ሰጠች። የፊት ቀኙ ላይ ግን ነጠቀቻትና መሬት መታች፤ ኬሊ መጥታ እንደ ምንም ጠረገችው። ከዚያ ልጄ ጋለበች። ስሟን እየጠራሁ አጨበጨብኩ። የሆነ ነገር ግን ከነከነኝ፤ ምን እንደሆነ አላወቅሁትም። ፈረስ ከነካሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል።

ዓርብ ጠዋት፣ ትርዒቱ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ኤልዳና «ለአያቴ ደውዪለት» አለችኝ። ይህች ልጅ በስልክ ከአያቷ ጋር የምትነጋገረው «ሰላም አያቴ፣ ደህና ነኝ፣ ቻው» ብቻ ነበር። በቪዲዮ ደወልኩ፤ እዚያ ሊመሽ ሲል ነው። እንደ ወትሮው ግንባሩና የቤቱ ኮርኒስ ብቻ ታየን። «አባዬ፣ ስልኩን ዝቅ አድርገው» አልኩት። ዝቅ አደረገው። ኤልዳና ስልኩን ነጥቃኝ ወደ ዴዚ አዞረችው።

ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ ቀረ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«የማናት?» አለ።

«የካምፑ ናት አባዬ። ልጆች የሚማሩባት።»

«ምን ትጎትታለች?»

«ምንም አትጎትትም።»

«ታዲያ ሥራዋ ምንድነው?»

«ልጆቹ ትንሽ ይጋልቧታል፣ ያጥቧታል፣ ይቦርሿታል፣ ካሮት ያበሏታል።»

አሰበበት። «አሜሪካ የገባችውስ እሷ ናት» አለ።

ሳቄን ሳልጨርስ ድምፁ ተለወጠ። «ቆይ። ስልኩን ወደ ታች አድርጊው። የፊት ግራ እግሯን ለምን ታሳርፋለች? እስቲ ኮቴዋን በመዳፍሽ ያዥው።»

ጎንበስ አልኩ። ያዝኩት። ከዚያ የቀኙን ያዝኩ። የግራው ይሞቃል፤ እንደ ታመመ ልጅ ግንባር ይሞቃል። ያ የከነከነኝ ነገር አሁን ገባኝ። የፊት ቀኟን የነፈገችን የግራው ስላመማት ነው፤ ቀኙን ስታነሣ ክብደቷ በሙሉ በታመመው ላይ ይወድቃል። ግራውንማ ራሷ ነበር የምትሰጠን። ልጄን ጠልታ አልነበረም፣ ምስኪን።

«መግል ይዟል» አለ አባቴ። «ዛሬ ሰው አይውጣባት። ከወጡባት ነገ አትቆምም።»

ለኬሊ ነገርኳት። ኬሊ ዴዚን አየች፣ ሰዓቷን አየች፣ ከበሩ እየገቡ ያሉትን ወላጆች አየች። ለኤልዳና የሚቀየርላት ፈረስ የለም፤ ሁሉም ተይዟል። «ትናንት ደህና ስትሄድ ነበር» አለች። ከዚያ ወደ ስልኩ በአገጯ እያሳየች፣ «አባትሽ የእንስሳት ሐኪም ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እዚህ ላይ ያቺ የለመድኳት «በትራንስፖርት ዘርፍ» የምትል ዓረፍተ ነገር ምላሴ ጫፍ ደርሳ ነበር። ኤልዳና ታየኛለች።

«አይደለም» አልኩ። «ባለ ጋሪ ነበር። አርባ ዓመት ፈረስ ነድቷል።»

ኬሊ የምትስቅ መስሎኝ ነበር። «አርባ ዓመት?» አለችና ሮጣ የካምፑን ባለቤት፣ ፀጉራቸው የነጣ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴትዮ ጠርታ መጣች። ሴትዮዋ እያቃሰቱ ጎንበስ ብለው ኮቴውን ዳሰሱት። ቀና ሲሉ ስልኩን ከእጄ ተቀበሉኝ፤ አባቴን በእንግሊዝኛ አመሰገኑት፤ እሱም በአማርኛ «ምንም አይደል፣ ጠጠር ይሆናል፣ ሙቅ ውኃና ጨው አድርጉበት» አላቸው። እኔ እየተረጎምኩ ነበር፤ ግን ማንኛቸውም የሚጠብቁኝ አይመስሉም ነበር።

የቀረው የኤልዳና ጉዳይ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የጠበቀችው ቀን ነው። ሄልሜቷን አጥልቃለች፤ ቦት ጫማዋን ጠዋት በምራቋ ሳይቀር አሽታዋለች። እሷን ምን ልላት እንደሆነ ሳስብ፣ ልጄ ዴዚ ጎን ቆማ የኮርቻውን ጠፍር መፍታት ጀመረች። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። ግን ፈታችው። እየከበዳት ኮርቻውን አወረደች፣ አጥሩ ላይ ሰቀለችው፣ ጨርቅ አንሥታ የዴዚን ጀርባ ማሸት ያዘች። ይህንን ማንም አልነገራትም፤ እኔም አልነገርኳትም። ስልኩ ውስጥ አባቴ «ጎሽ!» አለ። ከዚያ ግንባሩና ኮርኒሱ እንደገና መታየት ጀመሩ፤ ስልኩን የያዘው እጁ ከፍ ብሎ ዓይኑን እየጠረገ ነበር መሰለኝ።

ሌሎቹ ልጆች በሙዚቃ ታጅበው ዞሩ፣ ተጨበጨበላቸው፣ ፎቶ ተነሡ። የእኔ ልጅ ከጋጣው ኋላ ባልዲ ሙቅ ውኃ ይዛ፣ የዴዚን እግር ነክራ ተቀምጣ ነበር። አጨብጫቢ አልነበራትም፤ ከእኔ በቀር። ከሰዓት በኋላ ኮቴ ሠሪው መጥቶ በጩቤ ትንሽ ሲከፍተው መግሉ ወጣ። ዴዚ ድናለች። ኤልዳናም ቅዳሜ ቅዳሜ ጋጣ ልታጸዳ እንድትመጣ ተፈቅዶላታል። አይገርማችሁም? ተፈቅዶላታል!

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ኤልዳና ከኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ነዳጅ ልቀዳ ቆምኩና ለአባቴ ብቻዬን መልሼ ደወልኩ። አምሽቷል፣ ግን አልተኛም ነበር። እንዴት እንደምጀምረው አላወቅሁም።

«አባዬ፣ እዚህ ሰው ስለ አንተ ሲጠይቀኝ… ባለ ጋሪ ነበር ብዬ ተናግሬ አላውቅም።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ድሮም፣ ትምህርት ቤት…»

«አውቃለሁ ልጄ። ተይው አሁን።» ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም የምነግርሽ አለኝ።»

«ምን?»

«እዚህ ሰፈር ሰው አስቴር ምን ትሠራለች ሲለኝ፣ ሆስፒታል ነው የምትሠራ አልኩ። እሱ እውነት ነው። ዶክተርነቱን እነሱ ናቸው የጨመሩት። እኔም አላወረድኩልሽም።»

«መቼ ነው ይህ የሆነው?»

«የሄድሽ ዓመት።»

ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው ዶክተር ከሆንኩ! እኔ እዚህ እሱን ስደብቅ፣ እሱ እዚያ እኔን ሲሾመኝ። የነዳጁ ማሽን ሞልቶ ቆሞ ቆይቷል፤ እኔ ግን መኪናው ላይ ተደግፌ እንባዬ እስኪወርድ እስቃለሁ። እሱም ይስቃል። ከአባቴ ጋር እንዲህ ስቄ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ እውነቱን እናገራለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስነግራቸው ሻያቸውን ጠጡ፤ ሰማይ አልተደፋም። የደብረ ዘይቱንም ላስተካክል ወሰንኩ። ባለፈው እሑድ ስደውል ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ አባቴ ቤት ነበሩ፤ «እስቲ ዶክተሯን ላናግራት» ብለው ስልኩን ተቀበሉት። ይሄው ጊዜው ነው ብዬ፣ «እትዬ ሙሉ፣ እኔ እኮ ዶክተር አይደለሁም፤ በሽተኛ በወንበር የምገፋ ሠራተኛ ነኝ» አልኳቸው።

እትዬ ሙሉ ስልኩን ሸፈን አድርገው አባቴን፣ «ስማ፣ አሜሪካ ኖራ ኖራ እንኳ አልኮራችም፤ ትሕትናዋን አየህ?» ሲሉት ሰማኋቸው። ወደ እኔ ተመልሰው፣ «እግዜር ይባርክሽ፣ ያሳደገሽ ይባረክ» አሉኝና፣ የጉልበታቸውን ሕመም ከመጀመሪያው ጀምረው ይነግሩኝ ጀመር።